ቢሻ ይገድላል፣ ቢሻ ይደንሳል

ስሙን ያወጡለት የኑባ ተራሮች ወጣቶች አማርኛ አያውቁም። የሱዳንን ፕሬዚዳንት የኦማር አል በሺርን ስም እንደ ሰፈር ልጅ ስም አሳጥረውና አቆላምጠው «ቢሻ» አሉት፤ በቃ። እኛ ጆሮ ሲደርስ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ ይጀምራል። ቢሻ ይሾማል፣ ቢሻ ይሽራል። ቢሻ ያስራል፣ ቢሻ ይፈታል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር እስኪቀረው ድረስ አገር እንዳሻው ላደረገ ሰው፣ ባለቅኔ ተቀጥሮ ሌሊቱን ሙሉ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ ስም አያመጣም ነበር።

ሶሪያውያን ደግሞ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 «ማሳሲት ማቲ» የሚባል፣ ማንነቱን የደበቀ የጥበብ ሰዎች ቡድን የባሻር አል አሳድን አሻንጉሊት ሠርቶ በዩቲዩብ ሲለቅ የአሻንጉሊቱ ስም «ቢሹ» ነበር። ቢሻ ለካርቱም፣ ቢሹ ለደማስቆ፤ የደማስቆው አንቱታ ተጨምሮለታል ማለት ነው። ዐረብኛው ይህን ጨዋታ አያውቀውም። የምንስቀው እኛ ብቻ ነን።

የማወራው ስለ ሁለት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ነው። ሁለቱም የአንድ ዳይሬክተር፣ የሩፓ ጎጊኔኒ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው «እኔ ቢሻ ነኝ» (እ.ኤ.አ. 2018) በደቡብ ኮርዶፋን፣ በኑባ ተራሮች፣ በጦርነት መካከል «ቢሻ ቲቪ» የሚባል የአሻንጉሊት ስላቅ ስለሚሠሩ ወጣቶች ይተርካል። ሁለተኛው «ሰደንሊ ቲቪ» (እ.ኤ.አ. 2022)፣ «ድንገቴ ቴሌቪዥን» ብንለው ያስኬዳል፣ በካርቱም አብዮት ሰሞን የይስሙላ ካሜራ ይዘው የይስሙላ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስላቋቋሙ ወጣቶች ነው። ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፉም። በተከታታይ ሳያቸው ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጉድለት የሚናገር ሆኖ አገኘሁት። (የፊልሞቹንና የትርዒቶቹን ዘመን በፈረንጅ፣ የአገሩን ታሪክ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ አንባቢ እንዳይደናገር።)

የኑባ ሰው በሺርን የሚያውቀው ከሰማይ ነው። ጦርነቱ በግንቦት 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ካዱግሊ ላይ ሲፈነዳ ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ልትሆን አንድ ወር ቀርቷት ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ተራሮቹ የሚመጣው የመንግሥት እንግዳ አንቶኖቭ ሆነ። አንቶኖቭ ለጭነት የተሠራ አውሮፕላን ነው። ቦምቡ በኋላ በር ተንከባልሎ ይወርዳል፤ ያረፈበት ቦታ ዒላማው ይሆናል። በየጓሮው ጉድጓድ ተቆፈረ። ልጆች የሞተሩን ድምፅ ለይተው ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ዋሻ መሮጥን ከፊደል በፊት ተማሩ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረታችን እዚያ ሲደርስ ሁለቱ ግማሾቹ አንድ ይሆናሉ፤ ንጉሡ የሚኖረው ሰማይ ላይ ነውና። መከሰሱንስ ተከሷል። የሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በዳርፉር ጉዳይ የካቲት 25 ቀን 2001 ዓ.ም. የእስር ማዘዣ ቆረጠበት፤ በዓመቱ የዘር ማጥፋት ክስ ጨመረበት። ማዘዣው ከተቆረጠ በኋላም ሰውየው ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ እኛ ከተማ እየመጣ፣ ቡናችንን ጠጥቶ በሰላም ይመለስ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው በአሻንጉሊት መሥራት ማለት ከሁሉ በፊት ማውረድ ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ ሲያየው የኖረው ሰው፣ አሁን ዝቅ ብሎ ያየዋል። ፕሬዚዳንቱ የሚናገረው አንድ የኑባ ልጅ እጁን ሲያንቀሳቅስ ነው፤ እጁን ሲያሳርፍ ዝም ይላል። የፊልሙን ርዕስ ልብ በሉት። «እኔ ቢሻ ነኝ» ሲል ማን ነው የሚናገረው? አሻንጉሊቱ ነው፣ ወይስ አሻንጉሊቱን የያዘው? ገዳዩን የሚያናግረው ለመገደል የታሰበው ሰው ነው። «አሻንጉሊት መንግሥት» የሚለውን ስድብ በሬዲዮ እየሰማን ላደግን ኢትዮጵያውያን ይህ ግልባጭ ልዩ ጣዕም አለው። በእኛ አነጋገር አሻንጉሊት የሚባለው ሌላ ኃያል የሚያንቀሳቅሰው ደካማ ነው። እዚህ ግን ኃያሉ አሻንጉሊት፣ ደካማው አንቀሳቃሽ ሆኗል።

ሳቁ ከየት መጣ ለሚል፣ ከቢሻ በፊት ሌላ ፊልም ማየት ይበጃል። ሱዳናዊው ሐጁጅ ኩካ «ቢትስ ኦፍ ዘ አንቶኖቭ» የተባለውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2014 ቶሮንቶ ላይ አሳይቶ በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ጉዳዩ በብሉ ናይልና በኑባ ተራሮች በቦምብ ሥር ስላለ ሙዚቃ ነው። የሚደነቀው ነገር አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ የሚሰማው ሳቅ ነው። ሰዎች ከጉድጓድ ይወጣሉ፣ አቧራቸውን ያራግፋሉ፣ ይስቃሉ። ማን እንዴት እንደሮጠ፣ ማን በማን ላይ እንደወደቀ እያነሡ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ረባባ ይመጣል፤ የእኛ ክራር የሥጋ ዘመድ ነው። እነቢሻ የተወለዱት ከዚህ ሳቅ ነው ብዬ አምናለሁ። በከተማ የሚሠራ የፖለቲካ ስላቅ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከንዴት ነው። የኑባው ግን ከመትረፍ የመነጨ ሳቅ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ቂም ቢኖርም ምሬት የማይጫነው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንሂድ። ራሱ ትርዒተኛ በሆነ ሰው ላይ እንዴት ይቀለዳል? በሺርን በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ዱላውን ያስታውሳል። ሰልፍ ተጠርቶ፣ ዘፈን ተከፍቶ፣ ፕሬዚዳንቱ ዱላውን ከራሱ በላይ አንሥቶ እየወዘወዘ በመድረኩ ላይ ይጨፍራል። የእስር ማዘዣው በወጣበት ሰሞንም ጨፍሯል። ቢሻ ይገድላል፣ ቢሻ ይደንሳል። አሻንጉሊት ሠሪው የቀልዱን ግማሽ ተሠርቶ አገኘው ማለት ነው። ይህ ግን ስጦታ መስሎ ወጥመድ ነው። በሺር የሚጨፍረው ለመወደድ ነውና፣ የሚጨፍር በሺርን ደግሞ ማሳየት እሱ የፈለገውን ሥራ መሥራት ሊሆን ይችላል። አሻንጉሊቱ ከዚህ ወጥመድ የሚድነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲጨፍር ከበስተጀርባው ያለው ተራራ የተደበደበው ተራራ ነው። ካርቱም ላይ ቢጨፍር ዘፈን ነበር፤ እዚህ ግን ክስ ነው።

ሌላም አለ። ስላቅን የጀመሩት ልጆቹ አይደሉም፤ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ቀድሟቸዋል። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. በሄግሊግ የነዳጅ ቦታ ከደቡብ ሱዳን ጋር ውጊያ በተነሣ ጊዜ፣ በሺር የተቀናቃኞቹን ንቅናቄ ስም በአደባባይ አጣመመው። ንቅናቄ በዐረብኛ «ሐረካ» ነው፤ እሱ «ሐሸራት» አለው፤ ነፍሳት፣ ተባዮች ማለቱ ነው። በቃል ጨዋታ ደረጃ የሰነፍ ጨዋታ አይደለም፤ ማንም የቅኔ ተማሪ የሁለቱን ቃላት ቅርበት ያስተውላል። ሰውን ተባይ ብሎ ከጠሩ በኋላ የሚረጨው ነገር ምን እንደሆነ ግን ዓለም ሩዋንዳ ላይ አይቷል። አማርኛችን እዚህ ላይ ሳያስበው ይበቀልለታል፤ «ነፍሳት» ስንል ትኋንና ቅማሉም ነው፣ የነፍስ ብዛትም ነው። ስድቡ ወደ እኛ ቋንቋ ሲሻገር የተሰደበውን ባለ ነፍስ ያደርገዋል። የኑባ ልጆች ለዚያ ስድብ የመለሱት በተመሳሳይ መሣሪያ ነው። ስም አጣሞ ለጠራቸው ስሙን አጣመው መለሱለት። ልዩነቱ እሱ ስም ካጣመመ በኋላ አውሮፕላን መላኩ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ቅሬታዬንም ልናገር። «እኔ ቢሻ ነኝ» ስለ አንድ ትርዒት የተሠራ ፊልም ነው፤ ትርዒቱን ግን አይቼ አልጠገብኩም። የልጆቹን ሥራ ከነዝርዝሩ፣ አንድ ሙሉ ቀልድ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንዲሄድ ፈልጌ ነበር። ፊልሙን የሚያስጨንቀው ይልቁን የሁኔታው አስገራሚነት ነው፤ ጦርነትና አሻንጉሊት፣ ዋሻና ካሜራ። ይህ ለአውሮፓና ለአሜሪካ የፌስቲቫል ተመልካች ይበቃው ይሆናል። ለጎረቤት ግን አይበቃም። የሱዳን ዐረብኛ ቀልድ በግርጌ ጽሑፍ ሲተረጎም እንደ ትናንት እንጀራ ይደርቃል። ጥሩው ነገር፣ ዳይሬክተሯ ራሷን በመሃል አለማስገባቷ ነው። «እኔ ከሩቅ መጥቼ አየሁ» የሚል ድምፅ አይሰማም። አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ በሆነ ፊልም ይህ ቁጥብነት ትንሽ ነገር አይደለም።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ከፊልሙ ይልቅ ከጥበቡ ጋር ነው። የፖለቲካ አሻንጉሊት ፊት ይፈልጋል። ፊት ደግሞ የአንድ ሰው ነው። እንግሊዞች በ«ስፒቲንግ ኢሜጅ» (ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ) ታቸርን፣ ሩሲያውያን በ«ኩክሊ» (1994–2002) የልሲንንና ፑቲንን፣ ኬንያውያን በካርቱን ሠዓሊው በጋዶ «ኤክስዋይዜድ ሾው» (ከ2009 ጀምሮ) ፖለቲከኞቻቸውን እንዲህ አድርገው ሠሩ። ሁሉም ባለ ፈቃድ ጣቢያ ላይ፣ ባለ ስቱዲዮ ሆነው ነው። በ«ኩክሊ» ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የሩሲያ ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ከፈተበት፤ ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 መባቻ «አብላ ፋሂታ» የተባለች ባልቴት አሻንጉሊት በስልክ ማስታወቂያ ላይ ስለታየች ብቻ ለአሸባሪዎች ምስጢር ታስተላልፋለች ተብላ ተከሰሰች። (ይህን የሰማ የቀልድ ጸሐፊ ብዕሩን ያስቀምጣል እንጂ ምን ይጨምራል?) የሶሪያዎቹ ደግሞ በጣት የሚጠለቁ አሻንጉሊቶችን የመረጡት በኬላ ለማሳለፍ ስለሚቀሉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ለኑባ ልጆች የሚቀርቡት እነሱ ናቸው። የሁሉም ችግር ግን አንድ ነው፤ ፊቱ ሲወርድ ቀልዱም ይወርዳል።

በሺር ወረደ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. አትባራ ላይ በዳቦ ዋጋ የተነሣው ቁጣ አራት ወር ሳይሞላው መጋቢት 28 ካርቱም ወዳለው የጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ደረሰና ሕዝቡ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሚያዝያ 3 ቀን ጄኔራሎቹ ሰውየውን አነሡት። ታዲያ ምን ተለወጠ? በዚያው ዓመት ግንቦት 26 ቀን ንጋት ላይ፣ ኢድ ሲቃረብ፣ የተቀመጠውን ሕዝብ በጥይት ያጸዱት በሺር ያሳደጋቸው ኃይሎች ናቸው። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ከአባይ ወንዝ ሬሳ ተለቀመ፤ ኢንተርኔት ከወር በላይ ተዘጋ። ዳርፉርን ያቃጠለው የጃንጃዊድ ሚሊሺያ ስሙን «ፈጥኖ ደራሽ ኃይል» ብሎ ካርቱም ገብቶ ነበር። ቢሻ የለም፤ የቢሻ እጅ ግን አለ። አሻንጉሊቱን ጥለን አንቀሳቃሹን ረሳነው ማለት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሠራ ይህን ማወቅ አይችልም፤ አላወቀም ብዬ አልከሰውም። ዛሬ ስናየው ግን ሳቁ ውስጥ ይህ ባዶ ቦታ ይታያል።

«ሰደንሊ ቲቪ» የሚገባው እዚህ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ በጠቅላይ መምሪያው ፊት የተመሠረተችውን ያቺን ትንሽ ከተማ አስቡ። ድንኳን፣ የሻይ ሴቶች፣ ግድግዳ ላይ ሥዕል፣ ከአትባራ በባቡር ጣሪያ ላይ ተጭኖ የመጣ ሕዝብ። በዚህ መሃል ጥቂት ወጣቶች የይስሙላ የቴሌቪዥን ጣቢያ አቋቁመው ይዞራሉ። ካሜራቸው አይቀርጽም። ማይክራፎናቸው አይሰማም። ጣቢያቸው የትም አይተላለፍም። ሰዎችን ያስቆማሉ፣ ይጠይቃሉ፤ ሕልምህ ምንድን ነው? ሕመምሽ ምንድን ነው? ሰውም ይመልሳል። መጀመሪያ እየሳቀ፣ ቆይቶ ደግሞ ሳቁን ረስቶ።

ይህ የአሻንጉሊት ትርዒት ነው ወይ የሚለኝ ይኖራል። ነው እላለሁ። አሻንጉሊቱ ግን ሰውየው መሆኑ ቀርቶ ቴሌቪዥኑ ሆኗል። የሱዳንን ታሪክ የሚያውቅ ይህ ለምን የበለጠ እንደሚቆርጥ ይገባዋል። የሱዳን መፈንቅለ መንግሥት የሚጀምረው ኦምዱርማን ካለው የሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. በሺር ራሱን ለአገሩ ያስተዋወቀው በወታደራዊ ማርሽ ታጅቦ በዚያ ነው። በሺር ሲወርድም መውረዱን ያወጀው ሌላ ጄኔራል ነው፣ በዚያው ማሠራጫ፣ በዚያው ዩኒፎርም፤ በማግስቱ እሱም ተነሣ። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ሲገለበጥ ወታደሮች ከገቡባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ሕንፃ ነበር። በዚያ አገር ቴሌቪዥን ማለት ሰው በተራ እየገባ የሚናገርበት የአሻንጉሊት መድረክ ነው። ወጣቶቹ የቀለዱት ከመድረኩ ጋር ነው። ስለዚህም ቀልዳቸው ከቢሻ መውረድ በኋላ አልወረደም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቴሌቪዥን ንጉሥ እንዴት እንደሚያወርድ ያውቃል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ የእንግሊዛዊውን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግስቱ ጃንሆይ ወረዱ። በሥራ ደረጃ ጥርት ያለ ስላቅ ነበር፤ ረሃብተኛና ኬክ፣ ረሃብተኛና ውሻ። ስላቁን የሠራው ግን ባለ ጠመንጃው ነው። ባለ ጠመንጃ ሲሳለቅ ተመልካቹ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ አይፈታም። የኑባ ልጆችም በአማፂ በተያዘ መሬት ላይ ናቸው የሚሠሩት። ስለ አማፂዎቹ አዛዦች አሻንጉሊት ቢሠሩስ? ፊልሙ ይህን ጥያቄ አያነሣም፤ ማንሣት ነበረበት። የካርቱሞቹ ግን ጠመንጃ ያለው ማንም ዘመድ የላቸውም። ያላቸው ባዶ ካሜራ ነው።

ባዶ ካሜራ ደግሞ በሱዳን የዘር ሐረግ አለው። በሱሃይብ ጋስመልባሪ «ቶኪንግ አባውት ትሪስ» (እ.ኤ.አ. 2019) ውስጥ አራት ሽማግሌ የፊልም ባለሙያዎች፣ ኢብራሂም ሸዳድና ጓደኞቹ፣ ሲኒማ በጠፋበት አገር አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ይንከራተታሉ። መብራት በጠፋበት ሌሊት የድሮ የሆሊውድ ፊልም ትዕይንት ይጫወታሉ፤ አንዱ ሻሽ አጥልቆ ተዋናይት ይሆናል፣ ሌላው በእጁ ካሜራ ይሠራል። ፊልም እንዳይሠሩ የተከለከሉት አባቶች በሌለ ካሜራ ተጫወቱ፤ ልጆቻቸው ያንኑ ካሜራ ይዘው አደባባይ ወጡ። ሁለቱ ፊልሞች ስለ መተዋወቃቸው የማውቀው የለኝም፤ ዝምድናቸው ግን በዓይን ይታያል።

በ«ሰደንሊ ቲቪ» ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የወጣቶቹ ካሜራ አይቀርጽም፤ የዳይሬክተሯ ግን ይቀርጻል። ተጠያቂው በነፃነት የተናገረው የይስሙላው ካሜራ ፊት ነው እንበል፤ ከኋላ ያለውስ? እውነተኛው ካሜራ እዚያ መሆኑን እያወቀ ነው የተናገረው ወይስ ረስቶት? ፊልሙ ይህን ድርብ ጨዋታ ሸሽቶታል። አንድ ጊዜ እንኳ ካሜራው ዞሮ ራሱን ቢያሳየን፣ ወጣቶቹ ዳይሬክተሯን ቢጠይቋት («የአንቺስ ሕልም ምንድን ነው?» ቢሏት) ሥራው ሌላ ደረጃ ይደርስ ነበር። ቢሆንም ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለወጣ ተመልካቹ ግንቦት 26ን ያውቃል። ሰዎቹ አያውቁም። አንድ ሰው ሳቅ እያለ ስለ ነገ ሲናገር፣ እኛ ነገውን አይተነዋል። ዳይሬክተሯ በዚህ ላይ አትጫንም፤ ለዚህ ቁጥብነቷ ሁለተኛ ምስጋና።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሁለቱ ጄኔራሎች፣ የጦሩ ቡርሃንና የፈጥኖ ደራሹ ሔሜቲ፣ ካርቱም ላይ እርስ በርስ ተታኮሱ። ፈጥኖ ደራሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከያዛቸው ቦታዎች አንዱ የኦምዱርማኑ ቴሌቪዥን ነበር፤ ጦሩ ያስለቀቀው መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እውነተኛው ጣቢያ አሥር ወር ከምናምን ምርኮኛ ሆኖ ቆየ። የይስሙላውን ማንም ሊይዘው አይችልም ነበር፤ የሚያዝ ነገር የለውማ።

ጨዋታው ከዚያም በኋላ አልቆመም። አናስ ሰዒድ፣ ራውያ አልሐጅ፣ ኢብራሂም ስኑፒ፣ ቲሚያ አሕመድና እንግሊዛዊው ፊል ኮክስ አብረው የሠሩት «ካርቱም» (እ.ኤ.አ. 2025) በከተማዋ ነዋሪዎች ሕይወት ላይ ተጀምሮ ጦርነቱ ያቋረጠው ፊልም ነው። ሠሪዎቹም ተሠሪዎቹም ተሰደዱ። ከዚያ ሻይ ሻጯ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የአብዮቱ ወጣት፣ ጠርሙስ ለቃሚዎቹ ሁለት ልጆች በስደት አገር በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቆመው የደረሰባቸውን ራሳቸው ተጫወቱት። ሰው የራሱ አሻንጉሊት ሆነ ማለት ነው። በተለይ ልጆቹ ሲጫወቱ ጦርነቱ በትክክል የሚያህለውን ያህል ይሆናል፤ አፍ በሚያወጣው የጥይት ድምፅ ልክ። ከሦስቱ ፊልሞች እጅግ የሚያመው ይህ ነው። የሚያስቀው ግን ቢሻ ነው።

እኛስ? እኛ አሻንጉሊትን ለልጆች ትተነዋል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ብለው በካልሲ የሠሯት ቀጭኔ ለአንድ ትውልድ ሕፃናት እጅ መታጠብን አስተማረች፤ ከዓለም አቀፍ መድረክም ተሸለመች። ትልቅ ሥራ ነው። አዋቂውን የምናስተምርበት ካልሲ ግን የለንም። ስላቅ አልጎደለንም፤ አዝማሪ አለን፣ ሰምና ወርቅ አለን። ሰምና ወርቅ ግን ፊት የለውም። የተናገረውን «እንዲህ ማለቴ አይደለም» ብሎ ለማምለጥ የተሠራ ጥበብ ነው። አሻንጉሊት ደግሞ ማምለጫ የለውም፤ አፍንጫው ያንተ ከሆነ ያንተ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ሁለት ዓመት ሲያነድደን፣ ፕሪቶሪያ ላይ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ፣ ሁሉም ወገን ሌላውን «አሻንጉሊት» እያለ ሲሳደብ ሰምተናል። አንድም ሰው ግን ካልሲ አንሥቶ አልሠራም።

ለካርቱም ግን አንድ ጊዜ ውለታ ውለናል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ጄኔራሎቹንና ሲቪሎቹን ሲያስታርቁ የከረሙት አምባሳደር ማሕሙድ ድሪር ቀድሞ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትራችን የነበሩ ሰው ናቸው። ባማረ ዐረብኛ እየተናገሩ እንባ ሲተናነቃቸው ሱዳናውያን አብረዋቸው አለቀሱ። የሽግግሩ ስምምነት ሰነድ ነሐሴ 11 ተፈረመ፤ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ቆየ።

ሁለቱን የጎጊኔኒ ፊልሞች ለማየት የምትፈልጉ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ሰው የሚመክረው በወጡበት ዓመት ነው፤ እኔ ግን «ሰደንሊ ቲቪ»ን አስቀድሙ እላለሁ። ግንቦት 26 ምን እንደሆነ እያወቃችሁ እዩት። ከዚያ ወደ ተራሮቹ ተመለሱና ቢሻን ክፈቱ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አብረው ይዩ፤ አሻንጉሊት ነው ብላችሁ አትጥሩዋቸው ብቻ። ሲጨርሱ ሰውየው የት እንዳለ መጠየቃቸው አይቀርም።